ሰርተፍኬቱ ተጭኗል፣ አፑ ግን አያምነውም፦ በኢሙሌተርና በሲሙሌተር ላይ የፕሮክሲ ሰርተፍኬት ችግርና መፍትሔ

በኢሙሌተርና በሲሙሌተር (በኮምፒውተር ላይ በሚሠሩ ምናባዊ ስልኮች) አፕ ስንሞክር ትራፊኩን በፕሮክሲ፣ ማለትም በአፑና በሰርቨሩ መሃል ቆሞ በሚያሳይ ፕሮግራም፣ እናያለን፤ ይህ የሚሆነው ግን አፑ የፕሮክሲውን ሰርተፍኬት ሲያምን ነው። ፕሮክሲው መነሳቱን፣ ፋየርዎሉ አለመከልከሉን አይታችኋል ብለን እንለፍ። አድራሻው ላይ ግን ብዙ ሰው ስለሚሳሳት አንድ ቃል፦ በአንድሮይድ ኢሙሌተር ውስጥ 127.0.0.1 ማለት ኢሙሌተሩ ራሱ ነው። ኮምፒውተራችሁ የሚገኘው በ10.0.2.2 ነው። ፖርቱን ካልቀየራችሁት ሚትምፕሮክሲ የተባለው ፕሮክሲ 8080፣ ቻርልስ የተባለው 8888 ነው።

ምልክት፦ ክሮም ይከፍታል፣ አፑ እምቢ ይላል

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። በክሮም ማንኛውም ገጽ ይከፈታል፤ ፕሮክሲውም የኤችቲቲፒኤሱን ይዘት ፈትቶ ያሳያል። አፑ ሲከፈት ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል፤ በፕሮክሲው ሎግ ላይም ደንበኛው ሰርተፍኬቱን ስላላመነ ሀንድሼኩ (የግንኙነቱ መክፈቻ ትውውቅ) ተቋረጠ የሚል መስመር ይደረደራል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሰርተፍኬቱን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። አሥር ጊዜ ቢጫንም ያው ነው።

ምክንያት፦ አንድሮይድ ሁለት የሰርተፍኬት ማከማቻ አለው፤ የሲስተሙና የተጠቃሚው። ከሴቲንግ ገብታችሁ የምትጭኑት የተጠቃሚው ውስጥ ነው የሚገባው። በ2016 ከወጣው አንድሮይድ 7.0 ጀምሮ ደግሞ ታርጌታቸው ኤፒአይ 24 (የአንድሮይድ 7.0 ቁጥር) እና ከዚያ በላይ የሆነ አፖች፣ ሌላ ካልተነገራቸው በቀር፣ የሲስተሙን ብቻ ያምናሉ። ክሮም የተጠቃሚውንም እንዲያምን ተደርጎ ስለተሠራ ይከፍታል፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

መፍትሔ፣ የአፑ ኮድ በእጃችሁ ካለ፦ በሪሶርስ ፎልደሩ የኤክስኤምኤል ክፍል ውስጥ የኔትወርክ ሴኩሪቲ ኮንፊግ ፋይል ፍጠሩ። በዲበግ ኦቨርራይድስ ታግ ውስጥ ትረስት አንከርስ፣ በእሱም ውስጥ ምንጩ «ዩዘር» የሆነ ሰርተፍኬትስ ታግ ይግባ። ከዚያ በማኒፌስቱ የአፕሊኬሽን ታግ ላይ ፋይሉን ጥቀሱ። ፋይሉን ጽፈው ማኒፌስቱን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ያልተጠቀሰ ፋይል እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። አፑ እንደገና ቢልድ ተደርጎ ይጫን፤ ሆት ሪሎድ ይህን አይነካውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ታጉን በቤዝ ኮንፊግ ውስጥ አታስገቡ። ዲበግ ኦቨርራይድስ የሚሠራው አፑ ዲበገብል (ለሙከራ የተዘጋጀ ቢልድ) ሲሆን ብቻ ነው። ቤዝ ኮንፊግ ግን ለተጠቃሚ በሚላከው አፕ ላይም ይሠራል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ከኢንተርኔት የተቀዳ «ሁሉንም ሰርተፍኬት እመን» የሚል ባዶ ትረስት ማናጀር (ሰርተፍኬትን የሚያጣራው ኮድ) መፍትሔ አይደለም። ለሙከራ ተብሎ ይገባና ማንም ሳያወጣው ይለቀቃል። ጉግል ፕሌይም አይቀበለውም።

መፍትሔ፣ አፑን መልሶ ቢልድ ማድረግ ካልተቻለ፦ ሰርተፍኬቱ የሲስተሙ ማከማቻ ውስጥ ይግባ። እዚህ መጀመሪያ የሚታየው ኢሜጁ (ኢሙሌተሩ የሚነሳበት የሲስተም ፋይል) ነው። የጉግል ፕሌይ ምልክት ያለበት ኢሜጅ ኤዲቢ ሩት (ከኮምፒውተር ሆኖ በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠውን ትዕዛዝ) አይፈቅድም፤ «ጉግል ኤፒአይስ» የሚለውን ምረጡ። ኢሙሌተሩን ራይተብል ሲስተም በሚለው አማራጭ ከተርሚናል አስነሱት። ከዚያ ኤዲቢ ሩት፣ ቀጥሎ ኤዲቢ ሪማውንት (ሲስተሙን ለመጻፍ የሚከፍተው)። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ሪማውንቱ እምቢ ካለ ሲስተሙ አለመነካቱን በሚያጣራው በኤቪቢ መቆጣጠሪያ ትዕዛዝ ቬሪፊኬሽኑን አጥፉ፣ ሪቡት አድርጉ፣ ሩትና ሪማውንቱን ድገሙ። ፋይሉ የሚገባው በሲስተም፣ ኢቲሲ፣ ሴኩሪቲ ስር ባለው ሲኤሰርትስ ፎልደር ነው። ፈቃዱ 644 ይሁን፤ ከዚያ ሪቡት።

የፋይሉ ስም እንደፈለጉ የሚሰጥ አይደለም። ከሰርተፍኬቱ ሰብጀክት (በውስጡ ከተጻፈው ስም) ተሰልቶ የሚወጣ ባለ 8 ሆሄ ሀሽ፣ ማለትም ኮድ፣ ሲሆን ከኋላው ነጥብና 0 ይከተላል። ሀሹን በኦፕንኤስኤስኤል ስታወጡ «ሰብጀክት ሀሽ ኦልድ» የሚለውን ተጠቀሙ። አዲሱን ሀሽ ከተጠቀማችሁ አንድሮይድ ፋይሉን አያገኘውም፤ ስህተት ብሎም አይነግራችሁም።

በማግስቱ «ሰርተፍኬቱ ጠፋ» ከተባለ፣ አንድ ሰው ኢሙሌተሩን ከአንድሮይድ ስቱዲዮ በቁልፍ አስነስቶታል ማለት ነው። ራይተብል ሲስተም የሚለው አማራጭ በእያንዳንዱ ማስነሻ ላይ መኖር አለበት።

ከአንድሮይድ 14 ጀምሮ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ሰርተፍኬቶቹ ወደ ኮንስክሪፕት ኤፔክስ ሞጁል (ለብቻው የሚዘመን የሲስተም ክፍል) ተዛውረዋል፤ የድሮው ፎልደር ቢሞላም አፖች አያዩትም። በዛይጎት (አፖች ሁሉ በሚነሱበት ፕሮሰስ) እና በአፖቹ ማውንት ኔምስፔስ (እያንዳንዱ በሚያየው የፎልደር ዕይታ) ውስጥ እየገቡ ባይንድ ማውንት ማድረግ፣ ማለትም አንዱን ፎልደር በሌላው ላይ መደረብ፣ ይቻላል፤ ግን ሪቡት በተደረገ ቁጥር ይጠፋል። ሙከራችሁ የግድ 14ን ወይም ከዚያ በላይ ካልጠየቀ ኤፒአይ 33 (አንድሮይድ 13) ኢሜጅ ይዛችሁ ተገላገሉ።

ምልክት፦ ሰርተፍኬቱ በዝርዝሩ ውስጥ ይታያል፣ ሁሉም ነገር ግን ይወድቃል

ክሮምም አፑም ካልከፈቱ፣ ስሙ አንድ ሆኖ ቁልፉ የተለየ ሰርተፍኬት ነው የያዛችሁት። ሚትምፕሮክሲ ከነፎልደሩ ጠፍቶ እንደገና ሲጫን አዲስ ቁልፍ ያመነጫል፤ ስሙ ግን ያው ነው። የፋይሉ ሀሽ የሚሰላው ከስሙ ብቻ ስለሆነ እሱም አይለወጥም። ስሙን አይቶ «አለ» ማለት ዋጋ የለውም፤ የፕሮክሲውንና የኢሙሌተሩን ሰርተፍኬት የኤስኤችኤ 256 ፊንገርፕሪንት (መለያ ኮድ) አስተያዩ። የባልደረባን ቁልፍ ቀድቶ መጠቀም ግን አይሆንም፤ የግል ቁልፉን የያዘ ሰው ያንን ሰርተፍኬት የሚያምን መሣሪያን ሁሉ ትራፊክ መጥለፍ ይችላል።

የአይኦኤስ ሲሙሌተር

እዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ሲሙሌተሩ የማኩን ኔትወርክ ስለሚጠቀም ውስጡ የፕሮክሲ ሴቲንግ አትፈልጉ፤ ፕሮክሲው ማኩ ላይ ይሞላል። ከኤክስኮድ 11.4 ጀምሮ ሲሙሌተሩን ከተርሚናል የሚያዘው የሲምሲቲኤል ኪቼይን (የሰርተፍኬት ማከማቻ) ትዕዛዝ «አድ ሩት ሰርት» በሚለው ሰርተፍኬቱን ያስገባል፣ የታመነም ያደርገዋል። በሳፋሪ አውርዳችሁ ፕሮፋይል ከጫናችሁ ግን ሥራው ገና ግማሽ ነው፤ ጀነራል፣ አባውት፣ ሰርተፍኬት ትረስት ሴቲንግስ ገብታችሁ ማብሪያውን አብሩ። እያንዳንዱ ሲሙሌተር የራሱ ኪቼይን አለው፤ ኢሬዝ የተደረገውም ባዶውን ይነሳል። የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ራሳችሁ ከሠራችሁት ዕድሜው ከ825 ቀን አይብለጥ፤ ከአይኦኤስ 13 ወዲህ ከዚያ በላይ የሆነውን አይቀበልም።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ አፕ ራሱ የሲኤ (የሰርተፍኬት ሰጪ) ሰርተፍኬት፣ እንደ ፕሮክሲው ያለ፣ ማስጫን አይችልም፤ ከሴቲንግ በእጅ ይጫናል።

ሰርተፍኬቱ ሲስተም ውስጥ ከገባ በኋላ ክሮም ብቻ ከወደቀ፣ ሰርተፍኬት ትራንስፓረንሲ (ሰርተፍኬቱ በይፋ መዝገብ መመዝገቡን የሚያሳይ ማስረጃ) እየጠየቀ ነው፤ የተጠቃሚው ማከማቻ ውስጥም ጨምሩት።

የፍላተር አፕ በፕሮክሲው ጨርሶ ካልታየ፣ ፍላተር የሚጻፍበት ቋንቋ ዳርት የሲስተሙን ፕሮክሲ ስለማይከተል ነው፤ አድራሻው በኮዱ ውስጥ ይሰጠው።

ሰርተፍኬት ፒኒንግ (በአፑ ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈውን ሰርተፍኬት ብቻ ማመን) ያለበት አፕ የትኛውም ማከማቻ ቢሞላ አይከፍትም፤ በዲበግ ቢልዱ ላይ ፒኑን አንሱት።

«ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም» ካለ፣ ከስናፕሾት (ከተቀመጠ የቀድሞ ሁኔታ) የተነሳው ኢሙሌተር ሰዓቱ ወደኋላ ቀርቷል፤ ኮልድ ቡት አድርጉት፣ ማለትም ከዜሮ አስነሱት።