ሞተር ስናወርድ እንቢ የሚል ቡሎን፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ባትሪ መንቀሉን፣ ውሃና ዘይት ማፍሰሱን፣ ሽቦና ቱቦ ላይ ምልክት ማድረጉን ታውቁታላችሁ፤ እሱን አልደግምም። ሞተሩን በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ማንሳቱ ቀላል ነው። ቀኑን የሚበላው ቡሎን ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ይከብዳል፣ ጭቃው ሞተር ሥር ገብቶ ይደርቃል፣ ዝገቱ ዳዶና ቡሎኑን አንድ ያደርጋቸዋል።

ቁልፉ ይዞራል፣ ቡሎኑ አይዞርም

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቁልፉ ነው። በርካሽ የሚገዛው ቡሶላ (የቡሎኑን ራስ ከላይ የሚያለብሰው ቁልፍ) ብዙም ሳይሠራ አፉ ይሰፋል። ራሱ 12 ሚሊ የሆነ ቡሎን ላይ 13 ቁልፍ የሚሰካም አለ፤ ይሄን ሳይ በጣም ነው የምናደደው። መጀመሪያ የቡሎኑን ራስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ከዚያ ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ በመዶሻ መታ መታ እያደረጋችሁ እስከ ታች አስገቡ። ባለ 12 ማዕዘኑ ለዛገ ቡሎን አይሆንም፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይዞ ይልጠዋል። የ12 ሚሊው ቡሎን ራስ ቀድሞ ከተላጠ 11 ሚሊ ቡሶላ በመዶሻ አስገብታችሁ ሞክሩ።

ሁሉም ተፈቷል፣ ሞተሩ ግን ከካምቢዮ አይላቀቅም

ቡሎን ረስታችኋል። ከላይ በኩል ያለው ወይም ከሞተሪኖው (ሞተሩን ከሚያስነሳው) ጋር የሚታሰረው ነው። ካቻቢቴ ሰክታችሁ አትፈልቅቁ፣ አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። ማኑዋል ከሆነ ካምቢዮውን በክሪክ ደግፉት፣ ክብደቱ በፍሪሲዮኑ ዘንግ ላይ እንዳይንጠለጠል። ኦቶማቲክ ከሆነ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል ለካምቢዮ የሚያስተላልፈውን) አስቀድማችሁ ከፍላይዊሉ (ሞተሩ ጀርባ ከሚዞረው ክብ ብረት) ፍቱ።

የሱፖርቶ (የሞተሩ መቀመጫ) ቡሎን አልወጣ ካለ ክብደት ይዞታል። ሞተሩን በፓራንኮ ትንሽ ቀና አድርጉለት።

የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ስታድ

ዋናው ይሄ ነው፦ ማኒፎልዱን (የጭስ መሰብሰቢያውን) ከሞተሩ ጋር በዳዶ የሚያስረው ራስ የሌለው ቡሎን። ጋራዣችን የሚመጣው ሁሉ ችግሩ እዚህ ነው። ምልክቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅና ማኒፎልዱ አጠገብ ጥቁር ጥቀርሻ ነው። ፈታችሁ ስታዩ የዳርና የዳሩ ስታድ ተቆርጧል። የመሃሉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

ለምን ዳሩ? ማኒፎልዱ ሲግል በርዝመቱ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ስቦ የሚያደክመው ጫፍ ላይ ያለውን ነው። ጭነት ይዞ ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዶ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋል። ማኒፎልዱ እሳት ሆኖ ነው የሚደርሰው። ሹፌሩ ደግሞ ዳገቱን ጨርሶ ይቆምና በጀሪካን ውሃ ይደፋበታል! ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ተዉ። ትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማኒፎልድ ያጣምማል፣ ይሰነጥቃል፣ የተረፈውን ስታድ ያዝገዋል።

አፈታቱ እንዲህ ነው። ከቻላችሁ ከዋዜማው ዝገት ማስለቀቂያ ንፉበት፤ ከሌለ ነጭ ጋዝም ይረዳል። በማግስቱ ዳዶውን በመዶሻ ፊት ለፊት መታ መታ አድርጉት። ከዚያ ለመፍታት ሳይሆን በጣም በትንሹ ለማጥበቅ ሞክሩ። ዝገቱ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሩብ ዙር ፍቱ፣ መልሱ፣ ንፉ፣ እንደገና ፍቱ። እጃችሁን አዳምጡት። «ቋ» ብሎ የለቀቀ ዳዶ ደህና ነው። ድምፅ ሳያሰማ እንደ ማስቲካ የሚሳብ ከሆነ ግን ወዲያው አቁሙ፣ ስታዱ እየተጠመዘዘ ነው፣ ትንሽ ብትጨምሩ ይቆረጣል። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ የሚጫን ሰው ይሄን ስሜት ጨርሶ አያገኘውም።

እንቢ ካለ እሳት ነው። የነፋችሁበትን ጠርጋችሁ ዳዶውን ብቻ አግሉት፣ ስታዱን አይደለም። ዳዶው ይሰፋል። ትንሽ በረድ ሲል ሰም አስነኩት። ጎጃም ውስጥ ሰም አይጠፋም። ሰሙ ጭስ እያለ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ሲሳብ ታዩታላችሁ። እሳት ከማንሳታችሁ በፊት የነዳጅ ቱቦውን አርቁ፣ ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የታጠበ ቦታ ላይ እሳት አታስጠጉ፤ ክሎሪን ያለው ዓይነት ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ከተቆረጠስ? ጫፉ ትንሽ ከወጣ ዳዶ አስገብታችሁ ከውስጥ በይዱት። ከቴስታታው (ማኒፎልዱ ከሚታሰርበት የሞተሩ የላይ ክፍል) ፊት እኩል ከተቆረጠ መጀመሪያ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ዝርግ ብረት) በይዱ፣ ከዚያ በላዩ ዳዶ። የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። እስኪበርድ ታገሱና ወዲያ ወዲህ እያላችሁ አውጡት። መኪናው ላይ ከሆነ የምትበይዱት ባትሪው መነቀሉን ደግማችሁ እዩ፣ ኮምፒውተሩ ይቃጠላል።

የተሰበረ ቡሎን ማውጫ የሚሉትን ጠምዛዛ ብረት ግን ለዛገ ስታድ አልመክርም። ከቡሬ አንድ ሃይሉክስ መጣ፣ ሌላ ቦታ ስታዱን በስተው በማውጫ ሲጠመዝዙ ማውጫው ውስጡ ተሰብሮ ቀርቷል። ማውጫው ከፑንታው (ከመብሻው ጫፍ) ይጠነክራል፣ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) አይነካውም። ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ሄደ። የአንድ ስታድ ጉዳይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አስገዛ፤ ባለቤቱ ያሳዝናል።

መብሳት ግድ ከሆነ መሃሉን በሹል ብረት ምቱ፣ በ3 ሚሊ ፑንታ ጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ አሳድጉ። ስታዱ 8 ሚሊ በ1.25 (ውፍረቱ 8 ሚሊ፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ) ከሆነ ከ6.8 ሚሊ ፑንታ አትለፉ፣ የቴስታታውን ጥርስ ትበሉታላችሁ።

ስትመልሱ ስታዱም ዳዶውም አዲስ ይሁን። ሱቅ የምታገኙት ተራ ቡሎን ቆርጦ መክተት አይሆንም፣ ያን ሙቀት አይችልም። ለከፍተኛ ሙቀት የሚሆን የመዳብ ግራሶ ቀቡት። ከማሰራችሁ በፊት ደግሞ ማኒፎልዱ ፊት ላይ ቀጥ ያለ ብረት አስተኝታችሁ በብርሃን እዩ። ብርሃን በሰፊው ካሳለፈ ጠሟል፣ ቶርኖ ቤት ይላጭ። እንዲሁ ካሰራችሁት አዲሱንም ስታድ ይቆርጠዋል።