አልፎ አልፎ የሚጠፋ አሮጌ የናፍጣ ሞተር፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ አሮጌ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ጠፍቶ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ከቆመ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ ሲሄድ ሾፌሩም መካኒኩም ግራ ይጋባሉ። ጋራዥ ሲደርስ ሞተሩ ጤነኛ ስለሚመስል ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ በሚረጨው የናፍጣ ፖምፓ ላይ ያርፋል፤ ፖምፓው ይወርዳል፣ ብዙ ገንዘብ ይወጣበታል፣ መኪናው ግን በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ ይቆማል። ፖምፓው መነካት ያለበት ናፍጣው እስከ እሱ የሚሄድበት መስመር በሙሉ ከተፈተሸ በኋላ ነው። ይህ አሠራር እንደ ቀድሞዎቹ አይሱዙዎች በኮምፒውተር ለማይታዘዙ የናፍጣ ሞተሮች የሚያገለግል ነው።

አስቀድሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞተር ሲጠፋ መሪ ይከብዳል፣ የፍሬኑን አየር ወይም ቫኪዩም የሚያመነጨው ክፍልም አብሮ ይቆማል፤ የተጠራቀመው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚበቃ ፍሬኑን ደጋግመው አይርገጡ፤ አጥብቀው ይዘው መኪናውን ዳር ያስይዙና ረዳቱ ታኮ ሳያደርግ ከወንበርዎ አይነሱ።

የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩ እንዴት እንደጠፋ በትክክል ማወቅ ነው። ጉልበቱ እየቀነሰ፣ እየተንገጫገጨ፣ ነዳጅ ሲሰጡት እየከበደው ከጠፋ ናፍጣ አንሶታል ማለት ነው። ቁልፍ እንደተዘጋበት ያህል በአንድ ጊዜ ጸጥ ካለ ግን ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ ያዘነብላል። ከዚህ የተለየው፣ እየተንኳኳ ወይም ሙቀቱ ወጥቶ የጠፋ ሞተር ነው፤ እሱን ለማስነሳት ጨርሶ አይሞክሩ። የጠፋበትን ቦታ፣ የጭነቱን ክብደት፣ በታንኩ ውስጥ የነበረውን የናፍጣ መጠንና ሞተሩ ሞቆ እንደነበር በደብተር ይጻፉ፤ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሲጻፍ በቃል ሲነገር ያልታየው ነገር ይታያል።

ቀጥሎ፣ ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያውኑ የታንኩን ክዳን ይክፈቱና ያዳምጡ። አየር በኃይል ወደ ውስጥ ሲገባ ድምፅ ካሰማ፣ የታንኩ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል፤ ናፍጣው ሲቀንስ ቦታውን የሚተካ አየር ስላጣ መሳቡ ያቅታል። ማጽዳቱ ምንም ወጪ የለውም።

ከዚያ በፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈታ አድርገው ናፍጣውን በንጹሕ ጠርሙስ ይቀበሉና ለጥቂት ደቂቃዎች ያስቀምጡት። ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ፊልትሮው ከቆየም ይቀየር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አየር ላይ ነው። ከታንኩ እስከ መሳቢያው ፖምፕ (ናፍጣውን ከታንኩ ስቦ ለናፍጣ ፖምፓው የሚያቀብለው) ያለው መስመር ናፍጣ የሚሳብበት በመሆኑ፣ ሞተሩ እየሠራ ስንጥቅ ቢኖርበት ናፍጣ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ቱቦው ደረቅ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ከናፍጣ ፖምፓው መግቢያ በፊት አጭር፣ ጥራት ያለውና ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ያስገቡ፣ በእጅ ፖምፑ አየሩን ያስወጡና ሞተሩን ያስነሱ። ናፍጣው እንደ ጠራ ሻይ ዝም ብሎ ቢያልፍ ደህና ነው፤ እንደ ዶቃ የተደረደሩ አረፋዎች ከመጡ ግን ፋሸታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን)፣ የመዳብ ቀለበቶቹንና የደረቀውን ጎማ አንድ በአንድ ይፈትሹ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየሩ የትኛው እንደፈወሰው አያውቁም።

አረፋ ከሌለና መጥፋቱ ካልቆመ በንጹሕ ጀሪካን ናፍጣ ይሙሉ፣ ከሞተሩ ከፍ አድርገው አጥብቀው ይሰሩና መስመሩን ከታንኩ ለይተው ከእሱ ይመግቡት። በዚህ ሁኔታ ካልጠፋ ችግሩ ታንኩ ወይም ከታንኩ የሚወጣው ቱቦ ውስጥ ነው። በአንድ መኪና ላይ ፊልትሮ ሦስት ጊዜ ከተቀየረ በኋላ ያገኘነው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የጀሪካን ክዳን ሽፋን ነበር፤ ሞተሩ ሲስብ መሳቢያው አፍ ላይ ትለጠፋለች፣ ሲጠፋ ትለቃለች። አሥር ደቂቃ ቆሞ መነሳቱ ምሥጢሩ ይኸው ነበር። ዳገቱም የራሱ ድርሻ አለው፤ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኙ፣ ደሴ ላይ ናፍጣውን ወደ መስመሩ የሚገፋው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። በቆላ ችግር የማይፈጥር ከፊል መደፈን በደጋ ሞተር ያጠፋል።

ሞተሩ በአንድ ጊዜ ጸጥ የሚል ከሆነ በኤሌክትሪክ ናፍጣ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ሶሌኖይድ ይፈትሹ። ቁልፍ ሲከፈት “ቀጭ” ማለት አለበት። ከሽቦው ላይ በመኪናው ቮልቴጅ የሚሠራ ትንሽ አምፖል እስከ ጋቢናው ያስቀጥሉና ረዳቱ ይመልከት፤ አምፖሉ ከሞተሩ ቀድሞ ከጠፋ ጥፋቱ በቁልፉ፣ በፊውዙ ወይም በተላላጠ ሽቦ ነው። ሶሌኖይዱን በቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶ መንዳት ግን ሞተሩን በቁልፍ ማጥፋት ስለሚከለክል አደገኛ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ሞተሩ እንደ ሚሌ ባለ ሙቀት ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ አልነሳም ካለ፣ ያን ጊዜ ፖምፓውን መጠርጠር ተገቢ ነው። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለውበት ሲቀዘቅዝ ወዲያው ከተነሳ፣ በተለይ ክብ የሆነው ማከፋፈያ ያለው ዓይነት ከሆነ፣ ውስጡ ተበልቷል፤ የሞቀ ናፍጣ ስለሚቀጥን በተበላው በኩል ያመልጣል። ደብተሩን ይዘው ወደ ፖምፓ ባለሙያ ይሂዱ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ለፍተሻ የገባውን የፕላስቲክ ቱቦ አውጥተው ትክክለኛውን ይመልሱ፣ አየሩን እንደገና ያስወጡ፣ ከዚያም በደብተሩ ላይ በተጻፈው ጭነትና የናፍጣ መጠን ሐረጎን ሁለት ጊዜ ይውጡ።