ስለ ስሜን ሸለቆዎች ስናስረዳ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ሳንቃበር አካባቢ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲቆም «ይህን ምን ቆረጠው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ተማሪዎቼን ይዤ በወጣሁ ቁጥር የምሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ «የበረዶ ግግር» (ተጠቅጥቆ በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚንሸራተት በረዶ) የሚል ነው። መልሱ የሚመጣው ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል እንጂ ከፊታቸው ካለው ገደል ስላልሆነ፣ ከሁሉ በፊት ሊታረም የሚገባው ይህ ነው።

በሥዕል የምናውቀው የበረዶ ሸለቆ እንደ ስኮትላንዱ ግሌንኮ ያለ ነው። ግሌንኮም እንደ ስሜን የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው፤ ዕድሜው ግን ከ400 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። እዚያ ከ11,500 ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ ያለቀው በረዶ የሸለቆውን ወለል እንደ ገንዳ አስፍቶ፣ ግራና ቀኙን አቁሞ፣ ወደ ሸለቆው የሚወርዱትን የተራራ አፍንጫዎች ጎምዶ፣ ገባር ሸለቆዎቹንም ከፍ ብለው እንደ ተንጠለጠሉ ትቷቸዋል። አሁን ከጨነቅ ሰፈር ወደ ቧሂት ተራራ ወጥተው፣ ቧሂትን ከራስ ደጀን የሚለየውን የመሸሃን ሸለቆ ቁልቁል ይመልከቱ። ሸለቆው ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፤ ከግራና ከቀኝ የሚወርዱት የተራራ አፍንጫዎችም እንደ ተቆላለፉ ጣቶች እየተፈራረቁ ወንዙን ያጠማዝዙታል። በረዶ ሸለቆውን ሞልቶ ወርዶ ቢሆን ኖሮ እነዚህን አፍንጫዎች ጠርጎ በወሰዳቸው ነበር። ይህን ሸለቆ የቆፈረው ወደ ተከዜ የሚወርደው ውኃ ነው፤ ያሰፋውም ከዳርና ዳር የሚወርደው ናዳ ነው።

ሁለተኛው ስህተት በገደሉ ላይ የሚታዩትን እርከኖች የበረዶ አሻራ አድርጎ ማየት ነው። ስሜን የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ደጋግሞ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ የሠራው፣ እንደ ተደፋ ጋሻ የተንጣለለ ሰፊ እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው። ከቅልጥ ዐለቱ የረጋው ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ በመካከሉ ያለው ለስላሳ የአመድ ድርብርብ ቶሎ ተሸርሽሮ ደረጃ ያወጣል። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው በሁለት ጥቁር ድርብርቦች መካከል ቀጭን ቀይ መስመር ይታያል፤ ይህም በሁለት ፍሰቶች መካከል በነበረው ጊዜ የተፈጠረና በኋላ የመጣው ቅልጥ ዐለት የሸፈነው ጥንታዊ አፈር ነው። እኔ ይህን ቀይ መስመር ለተማሪ ሳላሳይ ከገደሉ ተነሥቼ አላውቅም። በዚሁ ምክንያት ራስ ደጀንን የሾጠጠ እሳተ ገሞራ አድርጎ መሣልም ትክክል አይደለም፤ ጫፉ ከሽርሸራ የተረፈ ቁራጭ ነው። ከፍታውንም 4,620 ሜትር የሚሉ የቆዩ ካርታዎችን መቅዳት ይቅር፤ የዛሬው ልኬት 4,550 ሜትር ገደማ ነው።

የጂንባር ፏፏቴንም «የተንጠለጠለ የበረዶ ሸለቆ» ማለት የለመዱ አሉ። ፏፏቴው የሚወረወረው፣ ቀጥሎ እንደምንለው ግግር ከነበረበት ከፍታ እጅግ በታች ከሚገኝ የባዛልት አፋፍ ስለሆነ፣ ስያሜው አይስማማውም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያው በስሜን በረዶ አልነበረም» ማለትም ሌላ ስህተት ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፣ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ባሉት ጫፎች፣ በተለይ ወደ ሰሜን በሚመለከቱት ጥላማ ጎኖች፣ ትንንሽ ግግሮች ነበሩ። ሥራቸው ከጫፎቹ ሥር እንደ ወንበር የጎደጎዱ ስፍራዎችና ከፊታቸው የተከመረ ድንጋይ ሆኖ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያሳስተናል። በክረምት ከነጎድጓድ ጋር የሚወርደውንም፣ ተራራውን የሚያለብሰውን አመዳይም፣ ለብዙ ዓመታት ተጠቅጥቆ በራሱ ክብደት የሚንሸራተተውንም በአንድ ቃል «በረዶ» ስንል፣ ሰሚው ቧሂት ነጭ ሆኖ ያየበትን ጧት አስታውሶ ዛሬም ግግር ያለ ይመስለዋል። ዛሬ በስሜን አንድም ግግር የለም። ከእነዚህ ከሦስቱ ሸለቆ የሚቀርጸው ግግር ብቻ ስለሆነ፣ በጽሑፍ «የበረዶ ግግር» ብሎ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የድንጋይ ክምር ሁሉ ግግር ያመጣው አይደለም። ግግር ያመጣው ክምር ቋጥኙንም፣ ጠጠሩንም፣ ዱቄት የመሰለውን ደቃቅ አፈርም ሳይለይ ደባልቆ፣ እንደ ቅስት ጎበጥ ብሎ ከጎድጓዳው ስፍራ ፊት ይቆማል። ሌሊት ውርጭ እየሰነጠቀ ያወረደው ድንጋይ ግን ስለታም ጠርዝ ይዞ ከተሰበረበት ገደል ግርጌ ይከማቻል። ስለዚህ ክምሩን ከመሰየም በፊት ቀና ብሎ ከበላዩ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ መሆኑን ወይም ገደል መሆኑን ማየት ይገባል።