ኮክፒት ውስጥ ጭስ ሲገባ፦ አብራሪዎች በቅደም ተከተል የሚሠሩት፣ በወሎ ተራሮች ላይ ደግሞ የሚለየው

አውሮፕላን ውስጥ ጭስ ሲታይ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ከየት መጣ?» ብሎ ነው። አብራሪ የሚሠለጥነው ግን ይህን ጥያቄ አቆይቶ መጀመሪያ መተንፈሻውን፣ ቀጥሎ ማረፊያውን እንዲያበጅ ነው። ምክንያቱ ጊዜ ነው። መስከረም 2 ቀን 1998 (እ.ኤ.አ.) ከኒውዮርክ ወደ ጄኔቭ ይበር የነበረው የስዊስኤር 111 በረራ አብራሪዎች እንግዳ ሽታ ከሸተታቸው እስከ ተከሰከሱ ድረስ ያለፈው 21 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። 229 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ እንዳሉት እሳቱ ከመፍጠኑ የተነሳ ወዲያውኑ ወደ ቅርቡ የካናዳ ማረፊያ ሃሊፋክስ ቢዞሩም በሰላም ለማረፍ ጊዜው አይበቃቸውም ነበር።

መጀመሪያ ግን ጭስ መሆኑን ማወቅ። በክረምት ከኮምቦልቻ ሲነሱ አየሩ ሞቆ እርጥበት ካዘለ፣ ከማቀዝቀዣው ቀዳዳ ነጭ ጉም መሰል ነገር ይወጣል። እርጥበት ነው፤ ሽታ የለውም፣ ወዲያው ይጠፋል። የሚያሰጋው የሚከረፋው ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወደ ሽቦና መሣሪያ ይጠቁማል። የቆሸሸ ካልሲ የሚመስል ሽታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ዘይት ወደ አየር ማስገቢያው ገብቶ ነው። አብራሪው ከተጠራጠረ እንደ ጭስ ይቆጥረዋል፤ ተሳስቶ ጭንብል ማጥለቅ የሚያስከፍለው ነገር የለም።

ጭንብል

ከእያንዳንዱ አብራሪ ወንበር አጠገብ ጭንብል የተቀመጠበት ሳጥን አለ። በአንድ እጅ ተጎትቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ ፊት ላይ መሆን አለበት። ሲይዙት የጎኑን መጭመቂያ ይጫናሉ፣ የራስ ማሰሪያው በአየር ይነፋል፣ ጭንቅላት ላይ ያጠልቁታል፣ ሲለቁት ይጠብቃል። ዓይን የማይሸፍን ዓይነት ከሆነ የጭስ መነጽር ይደረብበታል። ሙሉ ጺም ያለው አብራሪ ላይ ጭንብሉ በደንብ ስለማይገጥም ጭስ በጠርዙ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚስተው የጭንብሉ የኦክስጅን መቆጣጠሪያ ላይ ነው። «ኖርማል» ላይ ከሆነች ኦክስጅኑን ከኮክፒቱ አየር ጋር ትቀላቅላለች፤ ያ ማለት አብራሪው ጭሱን እየሳበ ነው። «100%» ላይ መሆን አለባት። «ኢመርጀንሲ» የሚለው ኦክስጅኑን በግፊት እየገፋ ጭንብሉና መነጽሩ ውስጥ የገባውን ጭስ ያስወጣል። ግን ጋኑን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ከጠራ በኋላ ወደ 100% ይመለሳል።

ቀጥሎ ማይክሮፎን። ጭንብሉ የራሱ ማይክ ስላለው ማብሪያውን ወደ «ማስክ» ማዞር ያስፈልጋል። ይህን የረሳ አብራሪ ያወራል፣ ማንም አይሰማውም። ካዞረው በኋላ ደግሞ የሁለቱም ትንፋሽ ጆሮ ውስጥ ስለሚጮህ አጭር አጭር ቃል ይናገራሉ፣ የሰማውም ይደግመዋል።

ሥራ መከፋፈልና ጥሪ

አንዱ አውሮፕላኑን ያበራል፣ ሌላው ቼክሊስት (ደረጃ በደረጃ የሚሠራውን የሚያዝዝ ዝርዝር) ያነባል፣ ሬዲዮ ይይዛል። ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ጭሱ ካዞሩ አውሮፕላኑን የሚመራው የለም። ጥሪው «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ የበረራ ቁጥር፣ ጭስ መኖሩ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረ ነው። አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ፣ ትራንስፖንደሩ፣ የአደጋ ቁጥር በሆነው 7700 ላይ ይደረጋል።

የት ይረፍ?

የወሎ ነገር እዚህ ላይ ይለያል። በሜዳማ አገር ወይም ባሕር ላይ ጭስ ለማስወጣት አየር የሚለቅ አውሮፕላን ሰው ያለ ጭንብል ወደሚተነፍስበት 10,000 ጫማ (3,048 ሜትር) ይወርዳል። ላሊበላ አጠገብ አቡነ ዮሴፍ ብቻውን 4,200 ሜትር ያልፋል፤ ወደ 14,000 ጫማ ማለት ነው። በተራራ ላይ ቢያንስ 2,000 ጫማ ክፍተት ሲጨመርበት 16,000 አካባቢ ይሆናል። ደመና ውስጥ ያለ አብራሪ ከተራራው እስኪርቅ ከዚያ በታች ሊወርድ አይችልም።

ማረፊያውም እንዲሁ ስሌት ይፈልጋል። ከኮምቦልቻ እስከ ቦሌ በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገር ውስጥ መስመር ለሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከ25 ደቂቃ ብዙም አያንስም፤ ከላይ ካየነው 21 ደቂቃ ይበልጣል። ስለዚህ ደቡብ ወሎ ሰማይ ላይ ጭስ የገጠመው ቡድን ቦሌ የተሻለ የእሳት አደጋ ኃይል አለው ብሎ ብቻ አያልፍም። ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ ግን ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በተራራ መሃል ያለ ሸለቆ ነው። ጉም ከሸፈነው መንደርደሪያውን ፈልጎ መዞር ራሱ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ የሚታየው ኪሎ ሜትሩ ብቻ አይደለም፤ ጎማው መሬት እስኪነካ ስንት ደቂቃ ይፈጃል የሚለው ነው። በ2010 ዱባይ ላይ የወደቀው የዩፒኤስ 6 ጭነት አውሮፕላን ዶሃ ይቀርበው ነበር፤ ወደ ዱባይ ተመለሰ። የዋናው አብራሪ ኦክስጅን ተቋረጠ፣ ጭሱም መሣሪያዎቹን አላሳይ አለ።

ምንጩን መፈለግ

አቅጣጫ ከተያዘ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። በብዙ አውሮፕላኖች መጀመሪያ የሚጠፋው ለበረራ የማያስፈልገው ነው፦ የምግብ ማሞቂያው፣ የመዝናኛ ስክሪኑ፣ አየር መልሶ የሚያዞረው ማራገቢያ። ከዚያ ቼክሊስቱ እንዳዘዘው የኤሌክትሪክ ክፍሎች ይቆረጣሉ። የተቆረጠው ክፍል አውቶፓይለቱን ወይም ሬዲዮውን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል በግምት የሚነካ ነገር የለም። ዘሎ የወጣ ሰርኪዩት ብሬከርም (ሽቦ ከመጠን በላይ ሲጫንበት ኤሌክትሪኩን ራሱ የሚቆርጥ ቁልፍ) ጭስ እያለ ተመልሶ አይጫንም፤ የሞቀውን ሽቦ እንደገና ማሞቅ ነው።

ጭስ ማስወጣት የተለየ ቼክሊስት ነው፤ የሚሠራውም ጭሱ ከእሳቱ በላይ ሲያሰጋ ነው። አየር ማብዛት ያልጠፋ ፍም ላይ እንደ ማራገብ ነውና። የኮክፒቱ በር ተዘግቶ ይቆያል።

ጭሱ ከስልክ ወይም ከፓወር ባንክ ከሆነ ሥራው የአስተናጋጆቹ ነው። ሃሎን የሚባል ጋዝ ያለው የእሳት ማጥፊያ ነበልባሉን ይገድለዋል፣ ባትሪውን ግን አያቀዘቅዝም፤ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ቀጥሎ ውሃ በብዛት ይፈስበታል። በረዶ አይደረግም፣ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛልና። አስተናጋጇ የምታጠልቀው የጭስ መከላከያ ኮፍያ የሚያገለግለው 15 ደቂቃ ያህል ነው። ትርፍ ባትሪ በሚጫን ሻንጣ የማይፈቀደውም ለዚሁ ነው፤ እዚያ ውሃ የሚያፈስበት ሰው የለም። ያለ ፈቃድ በእጅ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ነው፤ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክ 74 አካባቢ ነው።

ተሳፋሪው ከላይ የሚወርደውን ቢጫ ጭንብል አይመካበት፤ ኦክስጅኑን ከካቢኑ አየር ጋር ስለሚቀላቅል ጭስ አይከላከልም። ነጠላ ወይም ሻሽ በውሃ አርጥቦ አፍና አፍንጫ ላይ መያዝ ጥላሸቱን ያጣራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያቆምም። ጎንበስ ማለት የበለጠ ይጠቅማል።

ካረፉ በኋላ

በ1980 የሳውዲያ 163 በረራ ሪያድ ላይ በሰላም አርፎ ነበር። ወዲያው አልቆመም፣ ሞተሮቹም ቶሎ አልጠፉም፣ በሩ ሳይከፈት 301ዱም ሰው አለቀ። በ1983 ደግሞ በኤር ካናዳ 797 በሮቹ ከተከፈቱ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ እሳቱ ካቢኑን ዋጠው፤ ከ46 ሰው 23ቱ ሞቱ። ስለዚህ እዚያው መንደርደሪያ ላይ ይቆማል፣ ሞተር ይጠፋል፣ የካቢኑ ግፊት ይለቀቃል፤ ግፊት ካለ በሩ እንቢ ሊል ይችላል። አስተናጋጇ ከመክፈቷ በፊት በመስኮት ውጭውን ታያለች፤ በዚያ በኩል እሳት ካለ ወደ ሌላው በር ትመራለች። በኪው 400 ላይ ፕሮፔለሩ መቆሙም ይታያል። ሻንጣ ከላይ የሚያወርድ ሰው መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ባዶ እጅ ይወጣል፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ይኬዳል።