ድርብ ቦንዱ የት ገባ? ስለ አልኪኖች ጥቅም ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ፌስታል የሚሠራው ከኢቲን ነው። ኢቲን አልኪን ነው። ስለዚህ ፌስታል የብሮሚን ውሃን ቀለም ያጠፋል።»

ይህን የተሳሳተ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ ሳላየው ያለፈ ዓመት የለም። የሚጽፉት ደግሞ ያላጠኑ ልጆች አይደሉም። አምሽተው ያጠኑ፣ ነገር የሚገባቸው ልጆች ናቸው። ሰሞኑን ሦስት ወረቀት ላይ በተከታታይ ሲገጥመኝ እርማቱን አቆምኩና ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

አልኪን ማለት ሁለት ካርበኖች በድርብ ቦንድ የተያያዙበት ሃይድሮካርቦን (ከካርበንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ ነገር) ነው። ከቤት እስከ ፋብሪካ የሚሰጠው ጥቅም ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ቦንድ ነው። መመርመሪያው ደግሞ የብሮሚን ውሃ ነው፤ ድርብ ቦንድ ሲያገኝ ብርቱካናማ ቀለሙ ይጠፋል። ስለዚህ ስለ አንድ ምርት ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ ድርብ ቦንዱ አሁን አለ ወይስ አልቋል? ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ሳይጠይቁ ከመሮጥ የመጡ ናቸው።

ፖሊኢቲሊንን አልኪን ማለት

ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ፖሊኢቲሊን ይባላል። ስሙ እንደሚያሳስት አውቃለሁ። «ፖሊኢቲሊን» ሲባል ብዙ ኢቲሊን (የኢቲን የድሮ ስም ነው) አንድ ላይ ታጭቆ የተቀመጠ ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የኢቲን ሁለቱ ካርበኖች በሁለት ቦንድ ተያይዘዋል። ሰንሰለቱ ሲሠራ ከሁለቱ አንዱ ይከፈታል። በተከፈተው በኩል ካርበኖቹ ግራና ቀኝ ያለውን ጎረቤት ይይዛሉ። ጎረቤቱም የራሱን ጎረቤት ይይዛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሺዎች ይቀጣጠላሉ። በመጨረሻ በሰንሰለቱ ውስጥ የሚቀረው ነጠላ ቦንድ ነው። ድርብ ቦንዱ ለመያያዣ ወጥቷል።

ስለዚህ ፌስታል በጠባዩ አልኬን (ነጠላ ቦንድ ብቻ ያለው ሃይድሮካርቦን) ነው። በጣም የረዘመ ሰም ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። አሲድ የማይበላው ለዚህ ነው። የአሲድ ጠርሙስ ከእሱ የሚሠራውም ለዚህ ነው። አፈር ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ሳይበሰብስ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለባክቴሪያም ሆነ ለኬሚካል በቀላሉ የሚነካ ቦታ አልተወም።

እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ ውስጥ ኤሪክ ፎሴት እና ሬጂናልድ ጊብሰን ኢቲንን ከቤንዛልዲሃይድ ጋር አድርገው በከፍተኛ ግፊት አሞቁት። ያሰቡት ሁለቱ እንዲዋሃዱ ነበር። እቃውን ሲከፍቱ ግን ያገኙት ነጭ፣ ሰም የሚመስል ነገር ነው። ጋዝ ገብቶ ሰም ወጣ። ድርብ ቦንዱ ማለቁን ከዚህ የተሻለ የሚናገር ታሪክ አላውቅም።

ክፍል ውስጥ በቃል ብቻ አልተወውም። ሁለት የሙከራ ቱቦ አዘጋጃለሁ። በአንዱ ከፌስታል የተቆረጠ ቁራጭ፣ በሌላው ጥቂት ጠብታ ሳይክሎሄክሲን (ድርብ ቦንድ ያለው ፈሳሽ)። በሁለቱም የብሮሚን ውሃ እጨምርና ከፀሐይ አርቄ አስቀምጣለሁ። የሳይክሎሄክሲኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲነቀነቅ ብርቱካናማው ቀለም ይጠፋል። የፌስታሉ እንደነበረ ነው። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ቱቦውን ይነቀንቃል፣ ይገለብጣል። ደወሉ ይደወላል፣ ቀለሙ አሁንም አለ። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ያንን መልስ ደግሞ ሲጽፍ አላየሁም።

ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ መሄድ

ይህን የተማረ ልጅ በሳምንቱ «ፖሊመር (ከትናንሽ ሞለኪውሎች የተቀጣጠለ ረጅም ሰንሰለት) ከሆነ ድርብ ቦንድ የለውም» ብሎ ይመጣል። አይደለም! ጎማን እዩ። የተፈጥሮ ጎማ ከአይሶፕሪን ክፍሎች የተሠራ ነው። አይሶፕሪን ሁለት ድርብ ቦንድ አለው። ሰንሰለቱ ሲሠራ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አንድ ድርብ ቦንድ ይተርፋል። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ያጠነከረው ይህ የተረፈው ስላለ ነው። ድኙ ሰንሰለቶቹን የሚያስተሳስራቸው ከድርብ ቦንዱ አጠገብ ይዞ ነው።

የተረፈው ቦንድ ዋጋም ያስከፍላል። ተወጥሮ የቆየ የጎማ ማሰሪያ አንሱና በቅርብ እዩት። ጥቃቅን ስንጥቆች አሉት። ስንጥቆቹ ውጥረቱን አቋርጠው ነው የሚሄዱት። ይህ የኦዞን ሥራ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ጥቂት ኦዞን ድርብ ቦንዱን እየፈለገ ይቆርጠዋል። ፌስታልን ግን እንዲህ አያገኘውም። በአፋችን ሁለቱንም «ላስቲክ» ስለምንላቸው አንድ ይመስሉናል። በኬሚስትሪ ግን አንዱ ድርብ ቦንዱን ጨርሷል፣ ሌላው ይዞታል።

የውሃ ጠርሙስን ከፖሊኢቲሊን መቁጠር

ጠርሙሱ ፔት (PET) የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ ክዳኑ ደግሞ ፖሊኢቲሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከሁለቱም ትንሽ ቁራጭ ቁረጡና ውሃ ውስጥ ጣሉ። የክዳኑ ይንሳፈፋል፣ የጠርሙሱ ይሰምጣል። ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ይቀልላሉ። የፔት እፍጋት ግን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.38 ግራም ያህል ነው። ፕላስቲክ መልሰው የሚጠቀሙ ፋብሪካዎችም በዚሁ ዘዴ ነው የሚለዩት። ፔት አልኪኖች ድርብ ቦንዳቸውን ከፍተው በቀጥታ የሚሠሩት ሰንሰለት አይደለም። ከአሲድና ከአልኮል የሚሠራ ፖሊኤስተር ነው። ኢቲን ገብቶበታል፤ የገባው ግን በጓሮ በር ነው። መጀመሪያ ኢቲሊን ኦክሳይድ፣ ቀጥሎ ግላይኮል (አሁን ያልኩት አልኮል) ሆኖ።

ሦስቱን ስሞች ማምታታት

አልኬን፣ አልኪን፣ አልካይን። ኢቴን፣ ኢቲን፣ ኢታይን። በፊደላችን ሲጻፉ ልዩነታቸው የአንድ ፊደል ጉዳይ ነው። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ቢያምታታቸው አይገርምም። ላይ ደግሞ የድሮዎቹ ስሞች ይደረባሉ። ፋብሪካው ኢቲንን «ኢቲሊን»፣ ኢታይንን «አሴቲሊን» ይለዋል። ወረቀት ላይ ቢሆን የሚያስቀንሰው ማርክ ነው። ወደ ሥራ ሲገባ ግን ጉዳት አለው።

ፍሬ ማብሰልን እንውሰድ። ኢቲን የእፅዋት ሆርሞን ነው። ሙዝና ቲማቲም ራሳቸው ያመነጩታል። እ.ኤ.አ. በ1901 ዲሚትሪ ኔሉቦቭ የአተር ቡቃያዎች ላብራቶሪ ውስጥ ተጣመው ሲያድጉ አየ። ምክንያቱን ሲከታተል ከመብራት ጋዝ የሚወጣ ኢቲን ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ሪቻርድ ጌን ፍሬ ራሱ ጋዙን እንደሚሠራ አረጋገጠ። የበሰለ ፖም ካልበሰለ ሙዝ ጋር በአንድ ከረጢት ሲቀመጥ ሙዙ ቶሎ የሚበስለውም ለዚህ ነው።

አሁን ስህተቱ ይመጣል። «ካርባይድ ውሃ ሲነካው ኢቲሊን ይሰጣል፣ ስለዚህ ያው ነው» ይባላል። ያው አይደለም። ካልሲየም ካርባይድ የሚሰጠው አሴቲሊን ነው፤ አልካይን ማለት ነው፤ ሦስት ቦንድ ያለው። ፍሬው ላይ የኢቲንን ሥራ በደካማው ይኮርጃል፤ ስለዚህ ብዙ ያስፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የፋብሪካ ካርባይድ የአርሴኒክና የፎስፎረስ ቅሪት ሊኖረው መቻሉ ነው። ብዙ አገሮች ለፍሬ ማብሰያነት የከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የጽሑፍ ልምምድ ላይ ሁለቱ ጋዞች እየተቀያየሩ ተጽፈው አይቼ በጣም አዝኛለሁ። አንባቢው አምኖ ቢሠራበትስ?

«ኢቲን ይቀጣጠላል፣ ስለዚህ ማብሰያ ክፍሉ ሊፈነዳ ነው» የሚሉም አሉ። መጠኑን አስሉት። በማብሰያ ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገው ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ከ100 እስከ 150 ያህል ነው። ኢቲን የሚቀጣጠለው ከአየሩ 2.7 በመቶ ሲደርስ ነው። ይህ ከመቶ እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። አደጋው ያለው ሲሊንደሩ ሲያፈስ ነው። ጥንቃቄያችሁ እዚያ ላይ ይሁን።

«ለነዳጅ» ብሎ መጀመር

የአልኪኖችን ጥቅም ጻፉ ሲባል የመጀመሪያው መስመር ብዙ ጊዜ «ለነዳጅ» ነው። ይነዳሉ፣ እውነት ነው። ነበልባላቸው ግን ጥላሸት ይበዛዋል። ዋናው ግን ይህ አይደለም። ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ አልኪን የለም በሚባል ደረጃ ነው ያለው። ስለዚህ ተሠርቶ ነው የሚገኘው። ናፍታ (ለመኪና የምንቀዳው ሳይሆን ከድፍድፍ ነዳጅ የሚለይ ቀላል ፈሳሽ) ወይም ኢቴን ከእንፋሎት ጋር ተደርጎ ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ምድጃ ውስጥ ያልፋል። የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ከቆየ ጥላሸት ይሆናል። ይህን ያህል ተለፍቶ የተሠራን ድርብ ቦንድ ማን ያቃጥለዋል? በዓለም ላይ በዓመት ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ ኢቲን የሚመረተው ፕላስቲክ፣ የቧንቧ ፒቪሲ፣ ግላይኮልና ስታይሪን ለመሥራት ነው።

አጫጭሮቹ

ፕሮፒን (ሦስት ካርበን ያለው አልኪን) ላይ ውሃ ሲጨመር የሚገኘው ፕሮፓን-2-ኦል ነው፤ ፕሮፓን-1-ኦል አይደለም። የማርኮቭኒኮቭን ሕግ (ሃይድሮጅኑ የሚገባው ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለው ካርበን ነው የሚለውን) በቃል ከመያዝ የእጅ ማጽጃ ጠርሙስ ላይ ያለውን ስም አንብቡ፤ አይሶፕሮፒል አልኮል ይላል። ያው እሱ ነው።

የቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ስድስት ካርበኖች ክብ ሠርተው የተያያዙበት ሞለኪውል) ቀለበት ስታዩ አልኪን ነው አትበሉ። የብሮሚን ውሃ ፊቱ ላይ ቢፈስበትም አይነቃነቅም።

«የብሮሚን ውሃው ጠራ» አትጻፉ። መጀመሪያም ጥርት ያለ ነበር፤ ብርቱካናማ ሆኖ ጥርት ያለ። የጠፋው ቀለሙ ነው።

የረጋ ዘይት ሁሉ ትራንስ ነው ማለት

ፈሳሽ ዘይት በኒኬል ላይ ሃይድሮጅን ሲያልፍበት ድርብ ቦንዱ ይሞላና ዘይቱ ይረጋል። ለዚህ መሠረት የጣለው ፖል ሳባቲዬ እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ትራንስ የሚመጣው ሥራው በግማሽ ሲቆም ነው። ያልተሞሉት ድርብ ቦንዶች ኒኬሉ ላይ ሲገላበጡ ቅርጻቸው ይቀየራል፤ ትራንስ የሚባለው ይህ የተቀየረው ቅርጽ ነው። እስከ መጨረሻ ከተሞላ ግን ድርብ ቦንድ የለም፤ ድርብ ቦንድ ከሌለ ትራንስ የሚሆን ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከምግብ እንዲወጣ ጥሪ ያደረገበት በፋብሪካ የሚፈጠረው ትራንስ ነው።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልሎ መጣል

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ለዚያም ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

የተልባ ዘይት የእንጨት ማስዋቢያ ነው። በጥብቅ ካየነው አልኪን ሳይሆን ኤስተር (ከአሲድና ከአልኮል የተሠራ) ነው። ጭራዎቹ ላይ ግን ድርብ ቦንድ ሞልቷል፤ በብዛት ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ ሦስት ሦስት አለው። ብዙ ሰው ዘይቱ የሚደርቀው እንደ ውሃ ተኖ ይመስለዋል። አይተንም። ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል፣ ሰንሰለቶቹም ይተሳሰራሉ። በዚህ ጊዜ ሙቀት ይወጣል። እንጨቱ ላይ ስስ ሆኖ ሲቀባ ሙቀቱ ወደ አየር ይሄዳል፤ ማንም አያስተውለውም። የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ የለውም። ሲሞቅ ኦክስጅኑን የሚወስድበት ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ክብሪት ሳይጫር እሳት ይነሳል።

የመጻሕፍት መደርደሪያ ቀብቼ ጨርቆቹን ካርቶን ውስጥ ጠቅጥቄ ወጣሁ። ድርብ ቦንድ ከኦክስጅን ጋር ምን እንደሚያደርግ በዚያው ሳምንት አስተምሬ ነበር። ከሰዓታት በኋላ ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ካርቶኑ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። መሃል ላይ ያለው ጨርቅ በእጅ የሚያዝ አልነበረም። በጉጠት እየያዝኩ ውጭ ጣልኩት፤ ሲገለጥ ጨሰ። ሌላ አንድ ሰዓት ብቆይ ምን እንደሚጠብቀኝ ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ጨርቁን ክምር አታድርጉ፣ አትጠቅልሉ፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትክተቱ። አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት፤ ወይም ውሃ የሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ነክራችሁ ክዳኑን ግጠሙ። የተሰጣው ጨርቅ ከቀናት በኋላ እንደ ካርቶን ድርቅ ይላል። ያኔ ድርብ ቦንዱ ሥራውን ስለጨረሰ መጣል ትችላላችሁ።