የወላጆች ቀን በድሬ፦ ወላጅ እንዲመጣ ምን እናድርግ?

ድሬዳዋ ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ ክበብም የምይዘው እኔ ነኝ። የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ሲያገኙኝ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የወላጆች ቀን እናዘጋጃለን፣ ወላጅ ግን አይመጣም። እናንተ ምን አድርጋችሁ ነው?»

ብዙ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ነው። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ከተባለ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ይነሳል። እናት የትምህርት ቤቱን በር ስታይ ልቧ ድንግጥ ቢል አይፈረድባትም። ስለዚህ ዝግጅቱን ስታስቡ፣ ልጄ ምን አጠፋ ብላ ሳይሆን ልጄ ምን ሊያሳየኝ ነው ብላ እንድትመጣ አድርጋችሁ አስቡት።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። አርብ የጁምዓ ሶላት ስላለ ይቅር። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ በዚያ ሰሞን መንገዱም ቤቱም በእንግዳ ይሞላልና አትሞክሩት። ለእኛ የሚመቸው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላማ አቦ፣ ማን ይመጣል? ፀሐዩ አለ፤ ጫት ከገባ በኋላ ደግሞ አባቶች በርጫ ላይ ናቸው። በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። 2:30 ላይ ጀምራችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ። የክብር እንግዳ አልመጣም ብላችሁ ልጆቹን ፀሐይ ላይ አታቁሙ። እንግዳው ሲደርስ ይቀላቀላል።

የጥላ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ዝግጅቱ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ልክ በ3 ሰዓት ግቢው ውስጥ ቁሙና ጥላው የት እንደሚወድቅ እዩ። ጠዋት ጥላ የሚኖረው በሕንፃው ምዕራብ በኩል ነው። ጫፉን በኖራ አስምሩ። በ4 ሰዓት ተመልሳችሁ ሌላ መስመር አስምሩ፤ ምን ያህል እንደሸሸ ታዩታላችሁ። ወንበር የሚደረደረው ከሁለተኛው መስመር ወደ ውስጥ ነው። ከኒም ዛፍ ሥር ያለውን ቦታ ለአያቶችና ሕፃን ለታቀፉ እናቶች ተዉላቸው።

ጥሪውን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት። በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ ቦርሳ ውስጥ ተጨማድዶ ይቀራል። ልጁ በእጁ የጻፈውን ግን እናቱ እንድታየው ራሱ ይፈልጋል። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ «የማሳይሽ ነገር አለኝ»። ማንበብ ለማትችል እናት ልጇ ያነብላታል፤ ያ ደግሞ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ቤቱ ኦሮምኛ የሚነገርበት ልጅ በኦሮምኛ፣ ሶማልኛ የሚነገርበት በሶማልኛ ይጋብዝ። መድረክ ላይም የሚያስተዋውቁት ልጆች በየቋንቋው ይሁኑ። አንዲት የሶማሌ እናት በራሷ ቋንቋ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ስትባል ፊቷን እዩት፤ የትኛውም ንግግር ያንን አያመጣም።

አሁን ወደ ዋናው። ከመድረኩ በፊት የደብተር ጉብኝት አድርጉ። ልጁ እናቱን ወይም አባቱን እጅ ይዞ ወደ ክፍሉ ያስገባል፤ የሚቀመጥበት ዴስክ ላይ ያስቀምጣታል። ደብተሩን ከፍቶ መስከረም ላይ የጻፈውን ገጽ ያሳያታል፤ ከዚያ የዚህን ሳምንቱን። «ሀ»ዋ መስመር ስታ ወዲያና ወዲህ ስትል የነበረችው አሁን ቀጥ ብላ ቆማለች። እናትየው ፊደል ባትቆጥርም ይህን ልዩነት በዓይኗ ታየዋለች። መምህር በዚህ ሰዓት ጥግ ይያዝ። ካልተጠየቀ ስለ ውጤት አይናገር፤ ስለ ረብሻ ደግሞ ጨርሶ አያንሳ። ያንን ለሌላ ቀን።

ወላጁ ያልመጣለት ልጅ ሁልጊዜ ይኖራል። እናቱ ቀፊራ ገበያ ጉልቷን ትታ መምጣት ላትችል ትችላለች፤ አባቱ ሹፌር ሆኖ ጅቡቲ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ልጅ ቀድማችሁ እወቁት። ታላቅ እህት፣ ጎረቤት፣ የጥበቃ ሠራተኛው ወይም ሌላ መምህር አጠገቡ ተቀምጦ ደብተሩን ይይለት። ብቻውን ዴስክ ላይ የሚቀር ልጅ መኖር የለበትም። ይህ ካልተሟላ እኔ ዝግጅቱ ተሳካ አልልም።

ለመድረኩ አጭር ነገር ይበቃል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡትን መሸለም ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይለቅ፤ የቀሩት ልጆች ወላጆችም እኮ ተቀምጠዋል። እኛ ጋ ሰው አፉን ከፍቶ የሚያዳምጠው ልጆች ከአያቶቻቸው የሰበሰቡትን ወሬ ሲያቀርቡ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ እንደደረሰ መጽሐፍ ላይ አለ። ሼመንደፈር፣ ማለት ባቡር ድርጅቱ ውስጥ የሠራ አያት ግን ፉጨቱ ሲሰማ ሰፈሩ ምን ያደርግ እንደነበር ይነግራል። ልጁ ያንን ሲያወራ አያት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» ይሉታል። ይበሉት፤ ማይኩን ስጧቸው። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ የሚያነሳ ልጅ ካለ ግን ቀድማችሁ ቤተሰቡን አነጋግሩ። ሰው ያጣ ቤት ብዙ ነው።

ሞንታርቦ ስትከራዩ መብራት ይጠፋል ብላችሁ አስቡና በባትሪ የሚሠራ ሜጋፎን አዘጋጁ። ልጆቹን ማይኩን አገጫቸው ሥር እንዲይዙ አለማምዷቸው፤ አፋቸው ላይ ከለጠፉት ምንም አይሰማም።

ምግብ? ሥጋ አታስገቡ። የምስር ሳምቡሳ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የሚጾመውም የማይጾመውም ይበላዋል። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ካለ ልጆቹ ይደሰታሉ። ረመዳን ላይ ከዋለ ቀኑን ግፉት። ከሁሉ በላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አይጉደል። በዚያ ቀን ከወላጅ መዋጮ አትጠይቁ፤ አንዴ ከጠየቃችሁ በሚቀጥለው ዓመት ግማሹ አይመጣም። የገንዘብ ጉዳይ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ይታያል።

ወንበርና ድንኳን ከሰፈሩ እድር ወይም አፎቻ ተዋሱ። ስንት እንደወሰዳችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ጠርጋችሁ በዕለቱ መልሱ። የእድሩን ዳኛም በልጆች እጅ በተጻፈ ጥሪ ጋብዙ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ደግሞ ወንበር ያዋሱትን፣ ሳምቡሳ የጠበሱትን እናቶችና የጥበቃ ሠራተኛውን በየስማቸው አመስግኑ። ልጆቹ ማታ ቤት ሲገቡ ያወሩታል።