አዲስ የፈንገስ ጂነስ እንዴት ይገለጻል?

በመናገሻ ሱባ ደን፣ በሐበሻ ጥድና በወይራ ሥር የበሰበሰው ቅጠል በዓይን የማይታዩ ፈንገሶች መኖሪያ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ከታወቁት ጂነሶች (ተቀራራቢ ዝርያዎችን ከሚያቅፉ ቡድኖች) ጋር አልመሳሰል ቢል፣ አዲስ ጂነስ አድርጎ የመግለጹ ሥራ እንዲህ ይሄዳል።

ፈቃድ ይቅደም። የጄኔቲክ ሀብት ማግኘት የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ስለሆነ፣ በተለይ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቁ።

ቅጠሉን በወረቀት ከረጢት ያዙ፤ ላስቲክ ውስጥ ያልበዋል፣ ተራ ሻጋታም ይወርሰዋል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውንና የዛፉን ስም እዚያው ጻፉ።

ላቦራቶሪ ስትደርሱ ቅጠሉን እርጥብ ወረቀት በተነጠፈበት ክዳን ባለው ሳህን አቆዩት። ፈንገሱ ሲያፈራ በቀጭን መርፌ አንዲት ስፖር (የፈንገስ መራቢያ ቅንጣት) ብቻ አንሡና በድንች አጋር፣ ማለትም ከድንች በተሠራ የረጋ ማሳደጊያ፣ ላይ አሳድጉ። ሁለት ፈንገስ ተቀላቅሎ ካደገ የዲኤንኤው ውጤት አይታመንም። ከዚያ በማይክሮስኮፕ፣ 1000 ጊዜ አጉልታችሁ፣ ስፖሩን፣ ስፖር ተሸካሚውንና የፈንገሱን አካል የሚሠራውን ቀጭን ክር ለኩ፤ ፎቶ አንሡ። ብዙዎች 30 ያህል ስፖር ይለካሉ።

ዋናው ፈተና ማነጻጸር ነው። አይቲኤስ የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ዝርያ ለመለየት ይጠቅማል፤ ጂነስ ለማቆም ግን ብቻውን አይበቃም፣ ኤልኤስዩ የሚባለው የዲኤንኤ ክፍልና ሌሎች ጂኖችም ይጨመራሉ። የዲኤንኤ ውጤቶች በሚከማቹበት የመረጃ ቋት፣ በጂንባንክ፣ ተመሳሳይ አለመገኘቱም ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ የታወቁ ፈንገሶች እዚያ ገና አልገቡምና። የዘር ሐረጉን ሠርታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የእኛው ፈንገስ በጠንካራ የስታቲስቲክስ ድጋፍ ራሱን ችሎ ቅርንጫፍ ሠርቷል? እሱን ለብቻው ብናወጣ ጎረቤቱ ጂነስ ሙሉ ሆኖ ይቀራል ወይስ ይሰነጠቃል (ማለትም ቀሪዎቹ አባላቱ አንድ ሙሉ ቅርንጫፍ መሆናቸው ይቀራል)? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጎረቤቱ የሚሰነጠቅ ከሆነ፣ በኔ አስተያየት፣ በነባሩ ጂነስ ውስጥ እንደ አዲስ ዝርያ መግለጽ ይሻላል።

ስሙ የሚታሰረው በናሙና ነው። ለጂነሱ ዓይነተኛ ዝርያ ይሰየማል፣ ለዝርያው ደግሞ ዓይነተኛ ናሙና። ናሙናው የደረቀ ወይም በጥልቅ ቅዝቃዜ እድገቱ የቆመ መሆን አለበት፤ በላቦራቶሪ እያደገ ያለ ሕያው ፈንገስ አይፈቀድም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ወይም በሌላ የናሙና ቤት ለማስቀመጥ ካሰባችሁ፣ ፈንገስ መቀበላቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ መግለጫው በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ስሙን ለማጽናት የሚያገለግለው በእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች የተጻፈ መግለጫ ብቻ ስለሆነ በአማርኛ የተጻፈው፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አይቆጠርም። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከፈንገስ ስም መዝገቦቹ፣ ከማይኮባንክ፣ ከኢንዴክስ ፈንጎረም ወይም ከፈንጋል ኔምስ፣ የተሰጠ የምዝገባ ቁጥር ከጽሑፉ ጋር መታተም አለበት። ስሙን እንጦጦን ወይም ሱባን ተከትላችሁ ብታወጡ ማንም አይከለክላችሁም። ብቻ ከመመዝገባችሁ በፊት ፈልጉ፤ ያው ስም ለተክል ወይም ለአልጌ ጂነስ ቀድሞ ተሰጥቶ ከሆነ ለፈንገስ አይሆንም።